ከቁርስ በፊት የሚመጡ ሰዎች

ባለፈው ኅዳር መቱ፣ እናቴ ቤት አድሬ ጠዋት ወደ ግቢው ስወጣ ሸራው አጥሩ ላይ ተሰጥቶ አገኘሁት። አረንጓዴነቱ ለቆ ወደ አመድ መልክ የሄደ፣ አንድ ጥጉ በማዳበሪያ ከረጢት የተጣፈ የወታደር ሸራ ነው። ጤዛ ነክቶት ስለነበር ሽታው ከሩቅ ተቀበለኝ፤ የረጠበ ሸራ፣ የቆየ ናፍጣ፣ መፍላት የጀመረ የእሸት ቡና ልጣጭ። እናቴ ከኋላዬ መጥታ «ልጥለው አስብና እጄ እምቢ ይለኛል» አለችኝ። እንደ ልጅነቴ ጠዋቶች ወደ ውጭው በር ሄጄ በቆርቆሮው ሽንቁር መንገዱን አየሁ። አንዲት ሴት ጎደሬ ተሸክማ ወደ ገበያ ትወርዳለች። ሌላ ማንም የለም።

ሸራውን ያመጣው አባቴ ነው። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ በነበርኩበት ዓመት እሱ ሰሜን፣ ከአዲግራት ወዲያ፣ ድንበር በሚጠብቀው ትልቁ እዝ ውስጥ ወታደር ነበር። እኛ ቤት «እዙ» ብቻ ነበር የሚባለው፤ ሌላ ስም አያስፈልገውም። «እዙ ፈቃድ ከለከለ፣» «እዙ ቦታ ቀየረ» ሲባል እሰማለሁ። እኔ እዙ አንድ ሰው ይመስለኝ ነበር። ካፖርት የለበሰ፣ አባቴን ትከሻውን ይዞ የማይለቅ ረጅም ሰው።

በክረምቱ መግቢያ አባቴ ለእረፍት መጥቶ ሲመለስ ሸራውን ትቶልን ሄደ። ከተበላሸ የጭነት መኪና ላይ የወረደ ነው አለ። «ዘንድሮ ቡናውን በዚህ ላይ አስጡት።»

«አንተስ?» አለችው እናቴ።

«የእኔ ጊዜ መስከረም ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ እዙ አያዘኝም። ቡናው ሳይደርቅ እመጣለሁ።»

እናቴ የሻንጣውን ማሰሪያ እያጠበቀች «ይሄን ደግሞ ለልጅህ ንገራት፣ እኔ ሰምቼዋለሁ» አለች። እሱም ወደ እኔ ዞሮ ደገመው።

ቡናው የሚመጣው ከሁሩሙ ወዲህ ካለችው የአያቴ ማሳ ነው። በጥቅምት እናቴ ከለቃሚዎች ጋር ትውልና ቀዩን እሸት በማዳበሪያ ከረጢት ሞልታ ሚኒባስ ላይ አስጭና ትመለሳለች። ጠዋት ጤዛው ሲለቅ ይዘረጋል፣ ማታ ይሸፈናል። ከትምህርት ቤት መልስ ጠባቂዋ እኔ ነበርኩ። በእጄ አገላብጣለሁ፣ ፍየልና ዶሮ አባርራለሁ፣ ደመና ሲመጣ እሰበስባለሁ። እሸቱ በቀይ ይጀምርና ይጠቁራል፣ ይጨማደዳል፣ በመጨረሻ ሲነኩት መንኮሻኮሽ ይጀምራል። ያኔ ጀንፈል ሆኗል፤ ደርቋል ማለት ነው። የሠፈር ልጆች ፀሐይ ስትወጣ ደስ ይላቸዋል። እኔ ፀሐይዋን እፈራት ነበር። ቡናው ከአባቴ በፊት እንዳይደርስ።

አባቴ የሚደውለው ጋሽ ኸድር ሱቅ ነበር። ጋሽ ኸድር ከመንገዱ ማዶ ጨው፣ ሳሙና፣ የላስቲክ ጫማ የሚሸጡ፣ በቀልዳቸው የሚታወቁ ሰው ናቸው። ስልኩ ሲጮህ ተቀብለው፣ በልጅ አስጠርተውን፣ እስክንደርስ ድረስ አባቴን በወሬ ያቆዩታል። በየበዓሉ ይደውል ነበር። ከመስቀል ወዲህ ግን ዝም አለ። እናቴ መጀመሪያ ሳሙና ልግዛ ብላ ትሻገር ነበር። በኋላ ምንም ሳትገዛ ትሻገራለች፤ ጋሽ ኸድርም ሳይቀልዱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ናቸው ወሬውን ያመጡት። ወላጆቻቸው በሠፈራ ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ ወደ ሰሜን የሄደ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ እሳቸው ዘንድ ያወራል። ከእናቴ ጋር ጎመን እየቀነጠሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ድንበሩ ተካሯል ይላሉ» አሉ። «እዙ ወደ ፊት ተጠግቷል ይላሉ።»

«ማን ነው የሚለው?» አለች እናቴ የሺ።

«ይላሉ ነው እንጂ፣ የሺ። የሚል ሰውማ መች ጠፍቶ።»

እናቴ ጎመኑን መቀንጠሷን አላቆመችም። ቢጫውንም አረንጓዴውንም አንድ ላይ ስትጥል ግን አየኋት።

ስለ እዙ የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ ጋሽ ለማ ናቸው። ከእኛ ቤት በታች ብቻቸውን የሚኖሩ፣ አንድ እግራቸውን ፈንጂ የጎዳው የቀድሞ ወታደር ነበሩ። ከሰዓት በኋላ በከዘራ እየተደገፉ ይመጡና ከሸራው አጠገብ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ይቀመጣሉ። ሸራውን በጣታቸው እየዳበሱ «ይሄን ጨርቅ አውቀዋለሁ» ይሉ ነበር። «ሥሩ ተኝቼበታለሁ።»

እዙ አንድ ሰው አለመሆኑን ያወቅሁት ከእሳቸው ነው። እፍኝ እሸት ወስደው ሸራው ጥግ ላይ ደረደሩ። «በእኔ ወጣትነት የሰሜኑ ጦር እስከ ባሕሩ ድረስ ነበር። ድንበራችን ውኃ ነበር፣ ኢንተለ ኮ።» ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሲተርኩ ኦሮምኛው ይመጣባቸዋል። «እሱ ጦር ፈረሰ። አንድ ጠዋት ተነሳን፣ አዛዥ የለም፣ መኪና የለም። በእግሬ፣ እየለመንኩ መቱ ገባሁ። እናቴ በር ላይ አይታኝ ቆሎ ልትሰጠኝ ወደ ውስጥ ገባች። ለማኝ መስያት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቆሎውን በላሁ። ርቦኝ ነበር።»

ከዚያ አገሪቱ አዲስ ጦር መሠረተች። ጋሽ ለማን የድሮ ሰው ነህ፣ አታስፈልግም አሏቸው፤ እሳቸውም ማር ቆረጣ ጀመሩ። ቆይቶ የድንበሩ ጦርነት መጣ። «ያባረሩኝ ሰዎች ያዮ ጫካ ድረስ መጥተው፣ አንተ ሰውዬ ሞርታር ታውቃለህ አይደል፣ አሉኝ። የቀፎውን ጭስ ሳላጠፋ ነው የሄድኩት።» ሁለተኛ እፍኝ እሸት ከመጀመሪያው ዝቅ አድርገው ደረደሩ። «አሁን ድንበሩ አፈር ሆኗል። ባሕሩ ከዚያ ወዲያ ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ እኔን ከቆሰለ እግሬ ጋር ወደ ቤት ሰደዱኝ፣ እዙ ግን እዚያው ቀረ። ክፍለ ጦር በክፍለ ጦር፣ ቦይ ቆፍሮ።»

«አጥሩ ቆርቆሮ ነው?»

«የቱ አጥር?»

«የድንበሩ።»

ሳቁ። «አጥር የለውም። አጥሩ አባትሽ ነው።»

ይሄ ለብዙ ቀን እንቅልፍ ነሳኝ። አባቴ እጆቹን ዘርግቶ፣ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ተያይዞ ቆሞ ይታየኛል። ሊያስል ቢፈልግስ? ለመደወል እጁን ቢያነሳ ክፍተት አይፈጠርም?

«እዚያ ምን ይሠራሉ?» አልኳቸው ሌላ ቀን፣ እሸቱን እንደገና ሲደረድሩ።

«ይቀመጣሉ።»

«ብቻ?»

«ገበሬው እህሉ ሲደርስ አብረው ያጭዳሉ። አንበጣ ሲመጣ ያባርራሉ። እርከን ይሠራሉ። ሲዘንብ ቦዩ ይናዳል፣ እንደገና ይቆፍራሉ። ውኃ በቦቴ ይመጣል፣ ቦቴው ከዘገየ ይጠማሉ። አግብቶ እዚያው የወለደም አለ።» የመጨረሻዋን ሲሉ አፋቸውን ያዙ። «አባትሽን ማለቴ አይደለም።»

በዚያው ቅጽበት የእትዬ ዘነበች ዶሮ ከጀርባችን ገብታ ሸራው ላይ መጫር ጀመረች። የተደረደረው እሸት በየአቅጣጫው ተበተነ። ጋሽ ለማ ከዘራቸውን እያወናጨፉ «ሰማይ ምድሩ ያልቻለውን ክፍለ ጦር ዶሮ በተነችው» ብለው ሳቁ። እኔ አለቀስኩ። ተንበርክኬ አንድ በአንድ ለቅሜ በቦታው እስክመልሰው ድረስ አዩኝ። «ሂን ሶዳቲን» አሉ በኋላ፣ በቀስታ። አትፍሪ።

እኔ ግን እሳቸውንም እፈራቸው ነበር። ጋሽ ለማ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ለሠፈሩ የሚያሰሙት እሳቸው፣ መርዶ ሲኖር ከሽማግሌዎቹ ጋር የሚሄዱትም እሳቸው ነበሩ። ለእኔ የከሰዓቱ ጋሽ ለማና የጎሁ ጋሽ ለማ ሁለት ሰዎች ነበሩ። የጎሁን አንድ ጊዜ አይቻቸዋለሁ፤ በዚያው ክረምት፣ ከእኛ በላይ ላለችው ሴት ወንድሟ ጋምቤላ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ሲሞትባት። ብርሃን ሳይለይ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌዎች በሯ ላይ ቆሙ። አያወሩም። አንዱ አንኳኳ። እሷ ወጥታ አየቻቸው፣ ገና አንድ ቃል ሳይናገሩ ወደቀች።

እትዬ ዘነበችን «ለምን በጠዋት መጡ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«መርዶ ቁርስ ሳይበላ ነው የሚነገር። እህል ከቀመሰችማ ይከብዳታል። ያኔ ይተዉትና ሌላ ቀን ይመለሳሉ።»

ይህን ያዝኩ። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ትልልቆቹ እንዴት አላሰቡትም ብዬ ተገረምኩ። የበላ ሰው መርዶ አይነገረውም። አይነገረውም ማለት ደግሞ፣ እንደ እኔ አስተሳሰብ፣ አልሆነም ማለት ነበር።

ስለዚህ ስልኩ ዝም ካለ በኋላ ከእናቴ ቀድሜ መነሳት ጀመርኩ። ማታ ከተቀቀለው ጎደሬ አንዱን ደብቄ አሳድራለሁ። ጎህ ሲቀድ በቆርቆሮው ሽንቁር መንገዱን አያለሁ፤ ከዚያ ጎደሬውን ልጬ አልጋዋ ድረስ እወስድላታለሁ።

«አያንቱ፣ ፊቴን ሳልታጠብ?»

«ትንሽ ብቻ፣ እማዬ።»

ዓይኗን ሳትገልጥ ትነክሳለች። ስትውጥ ጉሮሮዋን አያለሁ። ከዋጠች በኋላ ነው የምተነፍሰው። እናቴ ለእትዬ ዘነበች «ይቺ ልጅ ዘንድሮ አንጀቷ ራራልኝ» ስትል ሰምቻታለሁ። «አባቷ መጥቶ ቢያያት።»

ቡናው ደግሞ ከዳር ጀምሮ መንኮሻኮሽ ጀምሯል።

አንድ ማታ እናቴ ከሁሩሙ የመጨረሻውን ለቀማ ይዛ ደክሟት ገብታ ነበር። ራት በቆሎ ስለነበር ጎደሬ አላደረም። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ተነስቼ እሳት አነደድኩና ጥሬውን ጣድኩት። ውኃው ሳይፈላ በሩ ተንኳኳ። በቀስታ፣ ሰው ላለማስደንገጥ እንደሚንኳኳው።

በሽንቁሩ አየሁ። የእድሩ ሰብሳቢና ነጭ ቆብ ያደረጉ ጋሽ ኸድር፣ በመሐላቸው በከዘራ የቆሙ ጋሽ ለማ። ሦስቱም ጋቢ ደርበዋል። አያወሩም። ጋሽ ኸድር እንኳ አያወሩም።

አልከፈትኩም። ወደ ማድቤት ሮጥኩ። ጎደሬውን ከድስቱ አወጣሁት፤ እጄን አቃጠለኝ፣ ውስጡ ግን ድንጋይ ነበር። ልጬ እናቴ አፍ ውስጥ ከተትኩት። በእንቅልፍ ልቧ ነከሰች፣ ዋጠች፣ ከዚያ ብድግ አለች። ያልበሰለ ጎደሬ ጉሮሮ እንዴት እንደሚያሳክክ የቀመሰ ያውቀዋል። አንገቷን ይዛ ታስላለች፣ እንባዋ ይወርዳል። «ምንድን ነው ያበላሽኝ?» በሩ እንደገና ተንኳኳ። እያሳለች ወጣች፤ እኔ ቀሚሷን ይዤ እጎትታለሁ። ከፈተች።

«በልታለች» አልኳቸው። «እማዬ ቁርስ በልታለች። ውጣለች።»

ማንም አልሰማኝም። እናቴ ሦስቱን በየተራ አየቻቸው፣ እጇ ከጉሮሮዋ ላይ ሳይወርድ በሩ ሥር ቁጭ አለች። እትዬ ዘነበች በአጥራቸው በላይ ብቅ ብለው ሽማግሌዎቹን አዩ፤ የእናቴን እንባ አዩ፤ አንገቷን ይዛ መቀመጧን አዩ። «ወይኔ ገመቹ፣ ወይኔ ወንድሜ» ብለው ደረታቸውን መቱ። አባቴ ነው ገመቹ። ከላይ ቤት ሌላ ሴት ተቀበለቻቸው። ወዲያው መንገዱ በለቅሶ ተሞላ። እኔ ሩቡን ጎደሬ እንደያዝኩ ቆሜ ነበር። ትንሽ ብትበላ ነው፣ አልኩ በልቤ። ትንሽ ስለበላች ነው።

«ኧረ ዝም በሉ» አሉ ጋሽ ለማ። በከዘራቸው መሬቱን መቱ። «የሺ፣ አልሞተም። ሰውዬው ደህና ነው። ዘነበች፣ አንቺ ሴትዮ፣ አልሞተም እኮ ነው የምልሽ።»

ለቅሶው ከአንድ ቤት ወደ ሌላው እየተቆራረጠ ቆመ። እትዬ ዘነበች በነጠላቸው ፊታቸውን እየጠረጉ «እኔማ ያየሁትን ነው ያለቀስኩት» አሉ።

ጋሽ ኸድር «ምንም አይደል፣ ከሌላ ቀን ለቅሶሽ እንቀንስልሻለን» አሏቸው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ። «ትናንት ሱቁን ልዘጋ ስል ደወለ። ስልክ የሌለበት ቦታ አዛውረዋቸው ነው የጠፋው። ልጠራልህ ስለው አይሆንም አለ። እናንተን ሽማግሌ አድርጌ ልላክ አለ።»

«ምን ብሎ?» አለች እናቴ ከመሬት።

ሦስቱ ተያዩ። የእድሩ ሰብሳቢ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ፈርሟል። እዙ ቆዩ አላቸው፣ እሱም ለተጨማሪ ዘመን ፈረመ። አንቺን ሳይጠይቅ። ጥፋተኛ ነኝ፣ ከእግሯ ውደቁልኝ ብሎ ነው። ይቅር ካላልሽው አንቀመጥም።»

ያኔ ገባኝ። ለይቅርታ የሚላክ ሽማግሌም በጠዋት ነው የሚመጣው፤ ሰው ወደ ሥራው ሳይወጣ፣ ጋቢ ደርቦ፣ ሳይቀመጥ። ለእኔ ሽማግሌ ማለት ያን ክረምት ያየሁት ብቻ ነበር። እናቴ ሁለቱንም ታውቃለች። ግን እሷም ያየችው የፈራችውን ነው።

ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። «እኔ እኮ አሁን ቀብሬው ነበር» አለች። «ቀብሬው ሳልጨርስ ደግሞ ይቅርታ?»

እሷም ሸራውን ዘረጋች። ጤዛው እንዳልለቀቀ እያወቀች ቡናውን ገለበጠችው። ተንበርክካ በሁለት እጇ ታገላብጣለች፤ ይንኮሻኮሻል። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል። ፀሐይ የባሕር ዛፉ ጫፍ ላይ ደረሰች፣ ቆመዋል። የጋሽ ለማ የታመመ እግር መንቀጥቀጥ ጀመረ። በርጩማ አምጥቼ ከኋላቸው አስቀመጥኩ።

«ኢንተለ ኮ፣ እናትሽ ሳትል?» አሉኝ፣ ሳይዞሩ።

እናቴ ቀና ብላ እግራቸውን አየች። «ይቀመጡ፣ ጋሼ» አለች። «እሱን ይቅር ያልኩት እንዳይመስላችሁ። ለእግርዎ ነው።»

«ለእግሬም ይሁን» አሉ ጋሽ ለማ እየተቀመጡ። «እኔ ከተቀመጥኩ ተቀመጥኩ ነው፤ ለገመቹ እንደዚያ እነግረዋለሁ።» ጋሽ ኸድር ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ፤ ትከሻቸው በሳቅ ይነቃነቅ ነበር። እናቴ አልሳቀችም። «በርጩማ ጨምሪ» አለችኝ ብቻ።

በዚያው ቀን ከሰዓት አባቴ መልሱን ሊሰማ ደወለ። ሱቁ ውስጥ እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። እሱ ብዙ ተናገረ። እሷ ስታዳምጥ ቆይታ «ቡናው ደርቋል» አለችው፤ ሌላ ቃል ሳትጨምር ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ።

የነፋስ ድምፅ ነበር። ከነፋሱ ውስጥ አባቴ «አያንቱዬ» አለ። በሰው ፊት መናገር አልወድም ነበር፤ ጋሽ ኸድር ወደ ጓዳቸው እስኪገቡ ጠበቅሁ።

«አባዬ፣ ቁርስ በልተሃል?»

ሳቀ። «አሁን እኮ ሊመሽ ነው።»

«ነገ ግን ብላ። ማንም ሳይመጣ፣ ከሁሉም በፊት ብላ።»

ሳቁ ቆመ። «እሺ» አለ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ቀና ስል እናቴ እያየችኝ ነው፤ ጠዋት በሩ ላይ ያልኩትን አሁን የሰማችው ይመስል። እጇን ወደ ጉሮሮዋ ወሰደች።

ለስንት ዓመት እንደፈረመ አልነገሩኝም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ነቃሁ። መንገዱ ባዶ ነበር። ጎደሬው ግን ከማታ ጀምሮ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ሳህን ተደፍቶበት ከማድቤቱ በር አጠገብ ተቀምጧል፤ እኔ አላስቀመጥኩትም። ይዤው ገባሁ። እናቴ አልጋዋ ላይ ተነስታ ተቀምጣ ነበር። ከሁለት ገመሰችው፣ ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ፣ በሩን እያየን በላን።